በጠዋት ብርድ የሚጠፋው ሞተር

በአገራችን መኪና የሌለው ሰው ሁሉ መካኒክ ነው። ምንም የማያውቀው ባለመኪናው ብቻ ነው፤ ቢያውቅማ መች ይገዛ ነበር? እኔም በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ኮልፌ ቤት ተከራይቼ ስኖር፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አንዲት አሮጌ መኪና ገዛሁና በክብር ወደ መሃይማን ተቀላቀልኩ። ምን አስገዛህ አትሉኝም? ዘነበች ናታ!

ዘነበች የጎረቤቴ የጋሽ ወንድይራድ ልጅ ናት። ጋሽ ወንድይራድ ዕድሜያቸውን በግምጃ ቤት ሹምነት የጨረሱ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ከግምጃ ቤቱ ቢወጡም ግምጃ ቤቱ ከእሳቸው አልወጣም። ገርበብ ያለ በር ካዩ ይዘጋሉ፣ ከመስመር የወጣ ወንበር ካዩ ያስገባሉ። እኔም ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ጠባዬን ይዩልኝ ብዬ እሑድ እሑድ ማለዳ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አደርሳቸው ጀመር። መሥሪያ ቤቴ እዚያው ኮልፌ ስለነበር በሌላው ቀን መኪናዋን አላስነሳትም። የማስቀምጣቸው ፊት ነው። አማት ይሆናሉ የተባሉ አዛውንትን ከኋላ መጫን እኛ ሰፈር ከስድብ ይቆጠራል።

መኪናዋ ግን አዋረደችኝ። ከግቢ እንደወጣን ትንቀጠቀጥና ጸጥ ትላለች። አስነሳታለሁ፤ ጥቂት ሄዳ ጸጥ። አሥራ ስምንት ማዞሪያ የሚባለው ሰፈር እስክንደርስ ሦስት አራት ጊዜ ትጠፋለች። ከቅዳሴ ስንመለስ ደግሞ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ሲል፣ ምንም እንዳልሠራች ሆና ትከንፋለች። ጋሽ ወንድይራድ አንድ ቀን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ መኪናውን ማስተዳደር ያቃተው ቤት እንዴት ያስተዳድራል ሲሉ ለመስኮቱ ነገሩት። ያን ቀን ቅዳሴው አልተሰማኝም። ዘነበች ከእጄ ስትወጣ እየታየኝ ነበር።

ሰፈሩ ምርመራውን ጀመረ። አንዱ ካንዴላ ነው አለ፤ ቀየርኩ። ሌላው ባትሪው በርዶት ነው አለ፤ ብርድ ልብስ አለበስኩት። ጠላ ሻጭዋ ጎረቤቴ ዓይን ነው አለች። ያቺን መኪና ያየ ዓይን ያዝንላት ይሆናል እንጂ ምን ብሎ ይበላታል?

በመጨረሻ ኑሪ ዘንድ ሄድኩ። ኑሪ ገበያው አጠገብ ጋራዥ ያለው፣ ከመናገሩ በፊት የሚያዳምጥ መካኒክ ነው። ሁሉን ፈትቶ ገጠመና ምንም የላትም አለኝ። በሕመሟ ሰዓት እንዲያያት ለመንኩት፤ እሑድ ማለዳ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ሞተሩ እስኪሞቅ ቤንዚን እንዲበዛለት ከመሪው ጎን ክሩስኮቱ ላይ ያለችውን ቾክ የሚሏትን እጀታ ስቤ አስነሳሁ። ወጣን። ጸጥ። እኔ በድንጋጤ ቁልፉን እጠመዝዛለሁ፣ ጋሽ ወንድይራድ ይተነፍሳሉ፣ ኑሪ ያያል።

ቤተ ክርስቲያን ካደረስናቸው በኋላ ኑሪ እየሳቀ ነገረኝ። እኔ አንገቴን አስግጌ መንገዱን ስመለከት፣ ጋሽ ወንድይራድ ተስባ የወጣችውን እጀታ ያያሉ፤ ቀስ ብለውም በአውራ ጣታቸው ወደ ቦታዋ ይመልሷታል። ክፍት የቀረ መሳቢያ መዝጋታቸው ነው። ብርድ ላይ ያለ ሞተር ከዚህ ወዲያ ምን ያድርግ?

ልንገራቸው? ሞተሩን የሚያጠፉት እርስዎ ነዎት፣ እንግዲህ ልጅዎን ይስጡኝ ይባላል? ሰው በደግ ልቡና የሚሠራውን ጥፋት መንገር እንዴት እንደሚከብድ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ በአንድ ቃል እገላገል ነበር። አሳዘኑኝ፤ ዝም አልኩ፤ በዝምታዬ ላይም ሽማግሌ ላክሁ።

ጋሽ ወንድይራድ ለሽማግሌዎቹ የሰጡት መልስ አጭር ነበር። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ያቺን ጉድ ካስወገደ ልጄን ይውሰድ አሉ። በማግስቱ መኪናዋን ለኑሪ ሸጥኳት። ዘነበችን አገባሁ፤ ምስጢሩን እስከ ዛሬ እሷም አታውቅም።

ኑሪ እሑድ እሑድ ማለዳ እናቱን በዚያችው መኪና ዘመድ ጥየቃ ወደ ቀራንዮ ይወስዳል። ጋሽ ወንድይራድን መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ይጭናቸዋል። ፊት እናቱ ስላሉ እሳቸው ከኋላ ይቀመጣሉ፤ ለእናት ቦታ መልቀቅ ደግሞ ማንንም አያዋርድም። መኪናዋ አንድ ቀን እንኳ ጠፍታ አታውቅም።

አማቴ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታችን ምሳ ሲበሉ በሐዘኔታ አዩኝና፣ ያቺ መኪና እኮ ጤነኛ ናት ልጄ፣ ፊት የሚቀመጠው ሰው ነው የሚወስነው አሉኝ።

እውነትዎን ነው አባባ አልኳቸው።