የዳለቻ ጉበትና ክብርት እትዬ

ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ አንድ «ማን አየው?» ባይ ዘመድ አለው። ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም ስትሉ «ማን አየው?» ይላችኋል። ጎረቤቴ አኩርፎኛል ስትሉም እንደዚያው። ራሴን አሞኛል ብትሉት እንኳ ግንባራችሁን ትኩር ብሎ ካየ በኋላ፣ ከውጪ ምንም የሚታይ ነገር እንደሌለ ያስረዳችኋል። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መዛመድ በየሳምንቱ ችሎት እንደመቆም ነው፤ ዳኛው እሱ፣ ምስክር ፍለጋ የምትንከራተቱት እናንተ።

ለእኔ የደረሱኝ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባለቤቴ እትዬ ትላቸዋለች፤ እኔ ክብርት እትዬ እላቸዋለሁ፤ በሆዴ ነው ታዲያ። ሥራቸው በእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ውስጥ በከብት ላይ የሚኖሩ ጥገኛ ተውሳኮችን ማጥናት ነው። በግልጽ አማርኛ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እበት ሲመረምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም። ምን እንደሚሠሩ የጠየቃቸው እንግዳ ሁሉ፣ ምሳ ቀርቦም ቢሆን፣ «እበት እመረምራለሁ» የሚል መልስ ያገኛል። እንግዳው ማንኪያውን ሲያስቀምጥ እሳቸው መብላታቸውን ይቀጥላሉ።

ሲብስ ደግሞ እኛ ላሞች አሉን። እኔ ጋዜጣ ላይ እጽፋለሁ፤ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ግን ባለቤቴ ናት፣ በምታልበው ወተት። ስለዚህ ክብርት እትዬ እሑድ እሑድ አይቀሩም። ለእኛ ብለው የሚመጡ ይመስለኝ ነበር፤ የዋህ ነበርኩ። በሩን ስከፍትላቸው በአጠገቤ አልፈው በረት ይገባሉ። እስከ ክንዳቸው የሚደርስ የላስቲክ ጓንት ያጠልቃሉ። የእያንዳንዷን ላም የዓይን ቆብ በአውራ ጣታቸው ዝቅ አድርገው የውስጡን ቀለም ያያሉ፤ ከነጣ ደሟን የሚመጥጥ ነገር አለ ማለት ነው። ከዚያ እበት ይወስዳሉ። መሬት የወደቀውን አይፈልጉም፤ ትኩሱን ከምንጩ ነው የሚቀዱት። ይህ ሁሉ አልቆ እጃቸውን ሲታጠቡ ነው እኔ ትዝ የምላቸው። «እንዴት ነህ?» ይሉኛል፤ እኔም ደህና መሆኔን የሚያስረዳ ማስረጃ ባይኖረኝም ደህና ነኝ እላለሁ።

ይህ የዓይን ቆብ ነገር ክፉኛ ተጠናውቷቸዋል። የባለቤቴ የአጎት ልጅ ሲያገባ፣ ፎቶ አንሺው ሰልፉን አስተካክሎ ሊያነሳ ሲል፣ ሙሽራይቱን አቅፈው የሳሙ መስለው የዓይኗን ቆብ ዝቅ አደረጉት። «ደም ያንስሻል፤ ተመርመሪ» አሏት። ፎቶው ዛሬም አለ። ሙሽራው በድንጋጤ አፉን ከፍቶ፣ ሙሽራይቱ አንድ ዓይኗ ተገልብጦ፣ ክብርት እትዬ መሐል ላይ በሥራ ስሜት ቆመው ይታያሉ።

የማቀዝቀዣውንስ ነገር ምን ልበላችሁ። ላቦራቶሪው እሑድ ዝግ ስለሆነ የሰበሰቡት እበት ሰኞ ጠዋት ድረስ እኛ ቤት ነው የሚያድረው። ከቅቤው በላይ፣ ከወተቱ ጎን። ክዳናቸው የጠበቀ የላስቲክ ዕቃዎች ናቸው፤ በላያቸው ላይ የላሚቱ ስም ተለጥፏል። አንድ ቀን አለቃዬ ምሳ ተጋብዞ መጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ሊወስድ በሩን ሲከፍት አገኛቸው። ባለቤቴ ያዘጋጀችው ማባያ መስሎት አንዱን አንስቶ ጠረጴዛ ላይ አቀረበው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን መጥቶ አያውቅም፤ እኔም ሊያባርረኝ ለሚችል ሰው ምክንያት ሰጥቼ እኖራለሁ። ክብርት እትዬ ግን በዚያ ቀን ያስጨነቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዕቃው ከቅዝቃዜ ወጥቶ ምን ያህል ጊዜ ቆየ?

ይህንን ሁሉ ችዬ ኖሬአለሁ። የትል መድኃኒቱን ቀን ግን አልረሳውም።

በሰፈራችን ላም ያለን ሰዎች ማኅበር አለን። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ላሞቻችንን ሁሉ በአንድ ቀን አሰልፈን የትል መድኃኒት እንግታቸዋለን። ሊቀመንበሩ በአንድ ጠርሙስ፣ በዓይን ግምት፣ ለትልቋም ለትንሿም እኩል ያንቆረቁራል፤ መድኃኒቱ እንዳይባክን ደግሞ ትንሽ ቀነስ ያደርጋል። ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ ተሳፋሪ ሲጭን የኖረ ሰው ወረፋ ያውቃል። ያን ዕለት ክብርት እትዬ መጡና ከሰልፉ ፊት ቆሙ። ሁሉም ላም መጋት የለበትም አሉ። ጤነኞቹን ተዉአቸው፣ የታመመችውን ደግሞ በክብደቷ ልክ ሙሉውን ስጧት አሉ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የእኔ ዘመድ ናቸዋ።

እሳቸው አልቸኮሉም። ላሙን ሁሉ በየጊዜው በትንሽ በትንሹ እየጋታችሁ ሞኙን ትል ትጨርሳላችሁ፣ መድኃኒት የማይበግረው ይቀርና እሱ ብቻ ይራባል፤ ስለዚህ ደህናዎቹ ላሞች ላይ መድኃኒቱን የሚፈራ ትል ይቆይ፣ ከጠንካራው ጋር ይደባለቅ ብለው አስረዱ። ሊቀመንበሩ ጠርሙሱን እንደያዘ ሰማቸው። ከዚያ በትሕትና ጠየቀ፦ «እንግዲህ ዶክተር፣ እኛ የምናረባው ላም ነው ወይስ ትል?»

ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። እኔን ያናደደኝ ሳቁ አልነበረም፤ ነገሩን ደጋግመው ሲያስረዱኝ ልክ ሆኖ መገኘቱ ነው። የሚያናድድ ሰው ቢያንስ ሊሳሳት ይገባል። ላሞቻችን ሳይጋቱ ወደ ቤት ተመለሱ፤ እኔም ሱቅ ስሄድ የትል ጠበቃ የሚል ስም ተቀብዬ ተመለስኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዳለቻ ታመመች።

ዳለቻ የባለቤቴ ዓይን ናት። ከላሞቹ ሁሉ ብዙ የምትታለበው እሷ ናት፤ ያኔ ደግሞ እርጉዝ ነበረች። ባለቤቴ ስሟን ስትጠራት ድምጿን ትለውጣለች፤ እኔን እንደዚያ ጠርታኝ አታውቅም። ዳለቻ ከሳች። ጸጉሯ ቆመ። መንጋጋዋ ሥር ውሃ የቋጠረ የሚመስል እብጠት ወጣባት። ሊቀመንበሩ መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ «ይኸው፣ ያልተጋተች ላም» አለ። ባለቤቴ እህቷን ጠራች፣ መድኃኒት እንዲሰጧት ለመነች። እኔም ለመንኩ።

«ምን መድኃኒት?» አሉ ክብርት እትዬ።

የትል ነዋ አልኩ።

«ትሉን ማን አየው?»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ላይ መጮህ አምሮኝ አያውቅም። ላሚቱ ዓይናችን እያየ እየሟሸሸች እሳቸው ከወጥ ቤታችን ማጥለያ ይፈልጋሉ። እበቱን በውሃ በጠበጡት፤ አጠለሉት፤ በረጅም ብርጭቆ አድርገው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ እስኪዘቅጥ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ላዩን ደፍተው ንጹሕ ውሃ ጨመሩና እንደገና ጠበቁ። ሽንት ቤት እንኳ አልሄዱም። የዘቀጠውን ወደ ላቦራቶሪ ወስደው በማጉሊያ ሲያዩት ለዚያ ሁሉ እብጠት የሚያበቃ ነገር አላገኙም። የሊቀመንበሩ መድኃኒት ደግሞ የጨጓራና የአንጀት ትል እንጂ ሌላ አይነካም። ሰውነቷ በደከመ እርጉዝ ላም ላይ በግምት መድኃኒት አልጨምርም አሉ። እንደገና እበት ወሰዱ። ባለቤቴ ለእህቷ ምሳ አቀረበችና ሳታናግራቸው ወጣች።

በሁለተኛው ላይ አገኙት። የጉበት ትል እንቁላል ነበር። የዚህ ትል እንቁላል አንዳንድ ቀን በእበቱ ይወጣል፣ አንዳንድ ቀን አይወጣም። ያን ዕለት ራሳቸው መድኃኒቱን ይዘው መጡ፤ የጉበቱን፣ በክብደቷ ልክ። ዳለቻን ከጋቱ በኋላ አንድ ብልቃጥ አስያዙኝና ተከተለኝ አሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የምጽፈው ባለቤቴ ጽሑፌን እንደማታነብ ስለማውቅ ነው። ቤት ውስጥ የምሰማው ይበቃኛል ትላለች። የሰፈራችን ሰው ደግሞ ጋዜጣ የሚፈልገው ለመስኮት መወልወያ ነው።

ከበረቱ ጀርባ ላሞቹ ከሚጠጡበት ገንዳ የሚተርፈው ውሃ የሚወርድበት ጎድጓዳ ቦታ አለ። ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እዚያ ያለው ሳር ለምለም ነው። ክብርት እትዬ ቁጢጥ ብለው ሳሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች እያነሱ ብልቃጤ ውስጥ ይጨምሩ ጀመር። የጉበት ትል የሚያድገው በእነሱ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ሳር ላይ ይጣበቃል፣ ሳሩን የበላች ላም ጉበት ውስጥ ይገባል።

«ይሄን ሳር ማን ነው የሚያጭደው?» አሉኝ።

ባለቤቴ ናት አልኩ።

«ለየትኛዋ?»

ለዳለቻ ነበር። ለዳለቻ ብቻ። ሌሎቹ ድርቆሽ ሲበሉ ባለቤቴ በየማለዳው ማጭዷን ይዛ ከዚያ ጎድጓዳ ለምለሙን አጭዳ የምትሰጠው ለምትወዳት ላም ነበር። ክብርት እትዬ የብልቃጡን ክዳን አጠበቁ። ትሉ ጉበቷ ውስጥ ከገባ ወራት አልፎታል፣ እሷ ከበሽታው ልትድን ትችላለች፣ ለጽንሱ ግን እፈራለሁ አሉ። ከዚያ ብልቃጡን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ለእህቴ እንዳትነግራት አሉኝ። ገንዳውን ያለምክንያት ውሃ ያባክናል ብለው ሰበብ ፈጥረው በማግስቱ በቧንቧ ሠራተኛ አስጠገኑት፤ ጎድጓዳውን አስደፈኑት።

ዳለቻ ዳነች። ጥጃዋ ግን ያለጊዜዋ ሞታ ተወለደች።

ባለቤቴ በረት ውስጥ እበቱ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ክብርት እትዬ ገብተው አጠገቧ ተቀመጡ። ባለቤቴ ሞኝ አይደለችም፤ የጎድጓዳውን መደፈን አይታለች፣ እህቷ ምሳ ላይ ስለ ቀንድ አውጣ ሲያወሩ ለዓመታት ሰምታለች።

«ንገሪኝ እትዬ» አለች። «እኔ ያበላኋት ሳር ነው?»

እኚህ ሴት ናቸው እኮ፤ ለሙሽራ በሠርጓ ቀን ደም ያንስሻል ያሉ። ለእናታቸው እንኳ እውነቱን አለስልሰው የማያውቁ።

«አይደለም» አሉ። «እኔ ነኝ የዘገየሁት። መጀመሪያ የጠራሽኝ ዕለት መስጠት ነበረብኝ።»

ባለቤቴ ከእበቱ ላይ ተነሳች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታቸው ወጣች፤ ተቆጥታ፣ ግን ቀና ብላ ወጣች።

እንዴት አያናድድ? እኚህ ሰው ለካ መዋሸት ይችላሉ። ይህን ሁሉ ዘመን እየቻሉ ኖረዋል። ስለ ጽሑፌ በጠየቅኳቸው ጊዜ ሁሉ፣ ስለ ራሰ በራነቴ፣ ስለ ዘፈኔ፣ አንዲት ትንሽ ውሸት ቢያበድሩኝ ምን ይጎድልባቸው ነበር? አልሰጡኝም። አስቀምጠው አስቀምጠው ለእህታቸው አወጡት፤ ያውም በራሳቸው ላይ።

ሰፈሩማ በደስታ ሰከረ። የዶክተሯ ምርመራ ጥጃ ገደለ ተባለ። ባለፈው እሑድ ሊቀመንበሩ በራችን ላይ አግኝቷቸው፣ ባለቤቴ ወተቷን ይዛ እየሰማች፣ ይህንኑ ፊት ለፊት ነገራቸው። ክብርት እትዬ አንገታቸውን ደፍተው ልክ ነዎት አሉት። እኔ አፌን ስከፍት እግሬን ረገጡኝ። ዛሬም እንዳበጠ ነው።

በረት ውስጥ ለብቻችን ስንሆን አልቻልኩም። እስከ መቼ ነው እንዲህ ሲሰድቡዎት ዝም የምለው ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸው ጓንታቸውን እያጠለቁ ነበር።

«እህቴ በየጠዋቱ ልታልብ ከዚህች ላም ሥር ትቀመጣለች» አሉኝ። «እኔ የምመጣው እሑድ እሑድ ነው።»

እኚህን ሴት እንዲህ የምወዳቸው መሆኔን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ይህም ራሱ አናደደኝ። ዳለቻን በአፍንጫዋ ያዝኩላቸው፤ እሳቸውም ሥራቸውን ጀመሩ።