ተቀምጠው የሚጠጡት ምሰሶዎች

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ያለ ፓስፖርት እንግሊዝ አገር ገባሁ። ልጄ ምንተስኖት የጥንት ቤት ጥገና የሚማረው እዚያ፣ አንድ አሮጌ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱን በፎቶ አውቀዋለሁ፤ በጥቁር ወፍራም እንጨት ተዋቅሮ በመሃል በመሃሉ ነጭ ጭቃ የተመረገ፣ ወደ መንገዱ ያጋደለ ቤት ነው። አራት መቶ ዓመት እንዲሁ እንዳጋደለ ነው፣ አይወድቅም ይለኛል ልጄ። እኔ ግን የሚወድቅበትን ቀን እየጠበቅሁ ነው።

ስገባ ምሰሶዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቢራ ይጠጣሉ። በእነሱ ፈንታ ጣራውን በጭንቅላታቸው ደግፈው የቆሙት ሰዎች ናቸው። መሃል ላይ ምንተስኖት ቆሟል፤ አንገቱ ትከሻው ውስጥ ገብቷል።

«ምሳ በልተሃል?» አልኩት።

«እማዬ፣ አታስቂኝ። ከሳቅሁ ጣራው ይወርዳል።»

መነጽር ያደረገች በግ መጣች፤ የቅርስ ኃላፊዋ እሷ ነበረች። የልጄን ጉልበት በመዶሻ አንኳኩታ አዳመጠችና ነቀዝ እንዳልነካው፣ ከዛሬ ጀምሮ ቅርስ ሆኖ እንደሚመዘገብ ነገረችኝ። ቅርስ ደግሞ ከቦታው አይነቃነቅም። ሚስትስ አያገባም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ያለ ፈቃድ ምንም ነገር ሊጨመርበት አይችልም አለች።

ወደ ምሰሶዎቹ ዞሬ ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ለመንኳቸው። ትልቁ ምሰሶ የቢራውን አረፋ ከአፉ ጠርጎ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አራት መቶ ዓመት ቆመን ገና አሁን መቀመጣችን ነው» አለኝ።

ጨዋ ነው። ዘዴው የመጣልኝም ያኔ ነው፤ ጨዋ ሰው ታላቁ ሲገባ ቁጭ ብሎ አያይም። ወጥቼ ደጃፍ ላይ የነበረውን ድንጋይ አቅፌ ተመለስኩ። ቤቱ ከመሠራቱ በፊት የነበረ ድንጋይ ነው።

«አባታችን መጡ» አልኩ።

ምሰሶዎቹ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «ኖር» እያሉ አንድ ላይ ብድግ አሉ። አናታቸው ከጣራው ገጠመ። ድንጋዩ «በእግዜር» እስኪላቸው ቆመው ጠበቁ። ድንጋይ ደግሞ መቼ ይናገራል? ሳይፈቀድላቸው የሚቀመጡ አልነበሩም። በጓ መነጽሯን አውልቃ አፈጠጠችብኝ። ምንተስኖት አንገቱን እያሻሸ ወደ እኔ ሲመጣ ስልኬ ጮኾ ቀሰቀሰኝ።

እሱው ነው። ሰላምታውን እንኳ ሳላስጨርሰው፣ ጣራው ወድቆ ከሆነ እንዳይደብቀኝ ለመንኩት።

«ጣራውማ ምን ይሆናል፣ እማዬ» አለኝ። «በሩ አጭር ነው፤ ጎንበስ ማለት ረስቼ የበሩ የላይኛው እንጨት ግንባሬን መትቶኝ ተሰፋሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች ሮጠው መጥተው መጀመሪያ ያዩት እንጨቱን ነው። ደህና ነው አሉ።»