የብሽሽቴ ቅሬ

እግሩን ያመመው ሰው ስንት ዓይነት ውሸት እንደሚያውቅ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። ሐይቅ ከተማ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የራሴን እግር የተማርኩት ግን ዘንድሮ ነው። እንዴት እንደተማርኩት ልንገራችሁ። ስታወሩት ስሜን ብትተዉልኝ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ስለ ንፍፊት። ብሽሽት ወይም ብብት ላይ ብቅ የምትለዋን እብጠት ማለቴ ነው። እኛ ሰፈር ንፍፊት የወጣበት ሰው ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፤ ቅቤ ተቀብቶ እስኪጮህ ይታሻል፤ "በቃ ተበትኗል" ተብሎ ይሸኛል። የሰፈራችን ወጌሻ ጋሼ ይመር ነበሩ።

አምና ይህንን ምዕራፍ ሳስተምር ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ምላሴ ሰላ። ንፍፊት በሽታ አይደለም አልኩ፤ የሰውነት ቅሬ ነው። ወሎ ውስጥ ቅሬ የማያውቅ ልጅ የለም፤ መርዶ ሲመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ነቅሎ የሚሰበሰብበት ማኅበር ነው። እግር ሲቆስል፣ አልኩ፣ ከቁስሉ አካባቢ የሚነሳው ፈሳሽ ጀርሙን ይዞ ብሽሽት ይደርሳል። እዚያ ነጭ የደም ሴሎች ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ጠላቱ ምን እንደሚመስል ይታያቸዋል፤ ከመካከላቸው ያንን ጠላት የሚለየው ሴል ይባዛል፤ ከዚያ ይዘምታል። እብጠቱ የተሰብሳቢው ብዛት ነው። ጣፊያም ደሙን፣ ቶንሲልም ጉሮሮውን የሚጠብቁት በዚሁ ሥርዓት ነው። ታዲያ ለቅሶ ቤት የተቀመጠን ቅሬ "ሰው በዛ" ብሎ በዱላ የሚበትን ማን ነው? ብዬ ጠየቅሁ። መልሱንም ራሴ ሰጠሁ፤ እንደ ጋሼ ይመር ያለ መሃይም ነው አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ልጅ ብቻ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ዘሀራ ናት። የጋሼ ይመር ልጅ መሆኗን አንድ መምህር የነገረኝ ደወል ከተደወለ በኋላ ነው። ይቅርታ እጠይቃታለሁ አልኩ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ዓመቱ አለቀ።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ዓሣ ልገዛ ወደ ሐይቁ ወረድኩ፤ በነጠላ ጫማ። ዳር ላይ የተጣለ የቆሮሶ ዓሣ አጥንት ረገጥኩና እሾሁ ተረከዜ ውስጥ ገባ። ነቀልኩት፤ ቦታውን በሐይቁ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ ረሳሁት። ሰንበትበት ብሎ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ። አድጎ እንቁላል አከለ፤ ማነከስ ጀመርኩ።

ጤና ጣቢያ አትሄድም ወይ ትሉኛላችሁ። ነርሷ እኮ ያስተማርኳት ልጅ ናት። እሷ ፊት ሱሪዬን ዝቅ ላድርግ? ትምህርት ቤት ለምን ታነክሳለህ ሲሉኝ ደግሞ ግሸን ማርያም ወጥቼ ነው አልኩ። ንግሡ ገና ማለፉ ነበር፤ ከአውቶቡስ ከተወረደ በኋላ ያለውን ዳገት የማያውቅ የለም። ውሸቷ ከሚገባው በላይ ሠራች። የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ አልማዝ ጉልበቴን ካልሳምኩ አሉ። ለታመመች እህታቸው የምትቀባው የማርያም እምነት ይዤ እንደሆነ ጠየቁኝ። ረሳሁ አልኳቸው። አንተም ደክሞህ ነው አሉኝ፣ አዝነውልኝ።

በገበያ ቀን፣ ሰፈሩ ጭር ሲል ጠብቄ ጋሼ ይመር ደጅ ቆምኩ። አዎ፣ እኔው። ቅቤም በፌስታል ይዣለሁ።

"ግባ መምህር፣ አብሽር" አሉኝ። ንፍፊቴን ይሹልኝ አልኳቸው። ሥራውን ትቻለሁ አሉ። ለመንኳቸው። ለማንም አልናገርም አልኩና ቅቤውን አወጣሁ። ቅቤውን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን።

"ቅሬው መቀመጡንስ አየነው" አሉ ቀስ ብለው። "መርዶው ከወዴት ነው የመጣ? እስቲ እግርህን።"

ካልሲዬን አወለቅሁ። ተረከዜ መግል ቋጥሯል፤ ቅላቱ ቁርጭምጭሚቴን አልፏል። ንፍፊቱን በቀን አሥር ጊዜ ስዳብስ እግሬን አንድ ቀን እንኳ ገልብጬ አላየሁም።

"አምና ዘሀራ ደብተሯን አነበበችልኝ" አሉ። "ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ያሸሁትን ሰው እያሰብኩ ወላሂ ጨነቀኝ። የዚያን ቀን ተውኩት።"

ያልኩትን ሁሉ? ያችንም ቃል? መጠየቅ ፈራሁ።

"እሷንም አንብባልኛለች" አሉ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። "እኔስ አፉ ብያለሁ። የልጅቱን ከልጅቱ ጠይቅ" አሉና ባጃጅ ጠርተው፣ ደግፈው ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ነርሷ መግሉን አውጥታ መድኃኒት ሰጠችኝ። ጥቂት ቀን ብዘገይ ወደ ደሴ ትልከኝ እንደነበር ነገረችኝ። እንኳንም አልታሸ አለች። ጋሼ ይመር ከመጋረጃው ጀርባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ዳንኩ። ክፍል ፊት የሰደብኩትን ሰው ጓዳ ገብቼ ይቅርታ ብጠይቅ ምን ዋጋ አለው? ዘንድሮም የማስተምራት ዘሀራ ክፍል ገባሁና ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ እሾሁን፣ ቅቤውን፣ የግሸኑን ውሸት ሳይቀር። መሃይሙ ጋሼ ይመር ሳይሆኑ እኔ ነበርኩ አልኩ። ማንም አልሳቀም። ዘሀራ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

ምን እንደምትጽፍ ጠየቅኋት።

"ለአባዬ የማነብለት ነው ቲቸር" አለችኝ። "ትንሽ ፈጠኑብኝ። ከግሸኑ ጀምረው ቢደግሙልኝ።"

ደገምኩላት። እትዬ አልማዝ መስኮቱ ሥር እየጠረጉ ነበር። ግሸን ስል የመጥረጊያው ድምፅ ቆመ።