አጥቦ የሚጥለው መኪና

እስቲ አስቡት፤ ሰው አንድን ነገር የሚያጥበው ለምንድን ነው? ሊለብሰው፣ ሊበላበት፣ ሊተኛበት፣ ቢቸግር ደግሞ ለጎረቤት ሊያውሰው ነው። እኔ ብርቄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከሳሙና ጋር ስታገል የኖርኩ ሴት፣ ለመጣል ተብሎ የሚታጠብ ነገር አይቼም ሰምቼም አላውቅም ነበር። አንዲት ሴት የቤቷን ጥራጊ በሳሙና አሽታ፣ ጨምቃ፣ ከዚያ ወስዳ ስትደፋ ብታገኟት ጠበል ትወስዷታላችሁ እንጂ ከውጭ አገር በመርከብ አታስመጧትም።

መንግሥት ግን አስመጣ። ሴትዮዋን አይደለም፣ መኪናውን።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስብሰባ የሚበዛበት፣ ስኳር የሚያንስበት። የምንኖረው ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ ጣሊያን ሠርቶት በሄደው ፎቅ ነው። ከታች ባለቤቴ ተካ ልብስ ይሰፋል። ከላይ ደግሞ እኛና የወሎዋ እትዬ ዘይነባ ግድግዳ ተካፍለን፣ ሽንት ቤት ተጋርተን እንኖራለን። ሽንት ቤቱ ሰንሰለቱን ሲጎትቱት ሰፈሩን ሁሉ የሚያስደነግጥ ጩኸት አለው። ከዚያ ወዲያ የተለቀቀው ነገር የት እንደሚሄድ ጠይቀን አናውቅም። እናንተስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው።

አንድ እሑድ ቀበሌ ተጠራን። ሊቀመንበራችን ጓድ ሽፈራው፣ ድሮ ውቤ በረሃ መሸታ ቤት ቢራ ሲያቀርብልን እንደ ቀበቶ የቀጠነ፣ ወንበር ሲሰጡት አንገቱ የወፈረ ሰው፣ ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጓዶች! ከከተማው ዳር ባለው የፍሳሽ ማጣሪያ አዲስ መኪና ተተክሏል። በየሽንት ቤታችሁ የምትለቁት ጨርቅና ላስቲክ ሁሉ በብረት ማበጠሪያ ይያዛል፣ ይታጠባል፣ ይጨመቃል፣ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል! ስለዚህ የማይጣል ነገር የምትጥሉ ተጠንቀቁ!"

ሰውዬው ከበላይ የመጣለትን ነው ያነበበው፤ ነገሩም ቱቦ አትድፈኑ ለማለት ነበር። ይሄን የማውቀው ዛሬ ነው። ያን ዕለት ግን ሁሉም በሐሳቡ ወደ ቤቱ ሄዶ ሽንት ቤቱን ሲፈትሽ ከፊቱ ላይ ይነበባል። በዚያ ዘመን ሰው የማይፈልገው ነገር እጁ ላይ ሲገኝ ምን ያድርገው? ቢያቃጥለው ይጨሳል፤ ቢቀብረው ምን ትቆፍራለህ ይባላል። ሰንሰለት በመጎተት ግን የተጠየቀ ሰው የለም። አራዳ ጉዱን ሁሉ ለሽንት ቤት አደራ ሰጥቶ ተኝቶ ነበር። አሁን ባለአደራው አጥቦ ሊመልስልን ነው ተባለ!

ወደ ተካ ዞር ብል ፊቱ አቡጀዲ መስሏል።

ቤት ገብተን በሩን ዘጋሁና፣ "ምን ጣልክ?" አልኩት።

"ራስ።"

"የምን ራስ?"

"የመካከለኛውን።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአብዮት በዓል ሰልፍ የሚያዝ ትልቅ ቀይ ጨርቅ እንዲሰፋ ቀበሌው አዞት ነበር። በላዩ የሚለጠፉት የሦስቱ ባለ ጢም ፈረንጆች ራሶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጨርቅ ታትመው ነው የመጡት። ተካ የመካከለኛውን በከሰል ካውያ ሲተኩስ ደንበኛ መጣና ወሬ ያዘ። ዞር ሲል ጢሙ ከአገጭ እስከ ጫፍ ነዷል። እንዲህ ያለውን ነገር "ካውያው ነው" ብሎ የሚያስረዳ ሰው በዚያ ዘመን ሰሚ አያገኝም። በየት በኩል አሲረህ ነው የሚባለው። ከሌላ ቀበሌ፣ ከልብስ ሰፊ ወዳጁ፣ አንድ ትርፍ ራስ ለምኖ ሥራውን ጨረሰ። የተቃጠለውን ራስ ግን ሰንሰለት ጎተተበት።

"ታዲያ ለምን ጨርሰህ አላቃጠልከውም?"

"ማቃጠሉ አይደል እንዴ ጉድ ያደረገኝ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሌ ባል አልሆነም። ደረጃው ላይ ከባድ ጫማ በተሰማ ቁጥር ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ይቆማል። ምግብ ሳቀርብለት እጁን ይታጠብና ሳይቀምስ መልሶ ይቀመጣል።

"እስቲ አሁን ማን ያገኘዋል?" እለዋለሁ።

"ብርቄ፣ መንገዳችንን አጥቦ የማያውቅ መንግሥት ጨርቃችንን በነጻ የሚያጥብ ይመስልሻል? የሚያጥበው ፊቱን ሊለይ ነው። ከዚያ ይሄን ጨርቅ የያዘ ሰፊ ማነው ይላል።"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ ራሴ ሌሊቱን ስገለባበጥ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ለመጣል አይታጠብም! ይሄን ሕፃን ያውቀዋል።

ደግነቱ የቀበሌው ሴቶች ማጣሪያውን እንዲጎበኙ ጥሪ መጣ። ሌላ ጊዜ ጉብኝት ሲባል ሴቱ ሁሉ ራሱን ያመዋል። ያን ቀን ግን አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ያልተጠሩ ወንዶች እንኳ ቆመው ሄዱ። ጉልበቷ ታሞ ደረጃ መውረድ ያቃታት እትዬ ዘይነባ አጠገቤ ተሰይማለች።

"እትዬ ዘይነባ፣ ጉልበትዎስ?"

"ተሽሎኛል፣ አልሐምዱሊላህ።"

"የሽንት ቤት ጉብኝት ሲመጣ ተሻለዎት?"

"አንቺስ ምን ልታዪ ነው?"

"ሳይንስ" አልኳት። ተያይተን ሳቅን፤ ከዚያ ወዲያ አልተጠያየቅንም። ጓድ ሽፈራው ከፊት ወንበር ላይ አንድም መፈክር ሳያሰማ ደረሰ።

ስለ ሽታው አልነግራችሁም፤ ምሳችሁን ብሉ። የተቀበለን ከውጭ ተምሮ የመጣ ወጣት መሐንዲስ ነው፤ መኪናውን እንደ አዲስ ሙሽራ ነው የሚያየው። የከተማችን ጉድ በቦይ እየጎረፈ ይመጣል። ትልቅ የብረት ማበጠሪያ ጨርቅ ጨርቁን ከውሃው ለቅሞ ወደ ገንዳ ይጥለዋል። እዚያ ውሃ ይረጭበታል፤ እንደ ሥጋ መፍጫ የሚዞር ብረት እየገፋ ያሸዋል፣ ይጨምቀዋል። በመጨረሻ በጎባጣ ቱቦ ቀስ እያለ ወጥቶ ጋሪ ውስጥ ይወድቃል።

"ከዚያስ የት ይሄዳል፣ ልጄ?" አልኩት።

"ይጣላል፣ እናቴ። ይቀበራል።"

"ታዲያ ለምን ይታጠባል?"

"ቆሻሻው ከጨርቁ ለቆ ወደ ውሃው እንዲመለስ ነዋ።"

"ወደ ውሃው? ውሃውን ልታጠሩ መስሎኝ!"

"ውሃው ኩሬ ውስጥ ይጣራል። እዚያ በዓይን የማይታዩ ቆሻሻ የሚበሉ ፍጥረቶች አሉ። ጨርቅ ግን አይበሉም። ጨርቁ ደግሞ ታጥቦ ሲጨመቅ አይሸትም፣ ዝንብ አይሰበስብም፣ ለመጫንም ይቀላል።"

ጨርቁን ለማጽዳት ውሃውን ያቆሽሹታል፤ ውሃውን ለማጽዳት ለማይታይ ፍጥረት ያበሉታል፤ የጸዳውን ጨርቅ ይቀብሩታል። ሶሻሊዝምን እንኳ ከዚህ አቅልለው ነበር ያስረዱን።

እሱን ትቼ ወደ ጋሪው ሮጥኩ። ለካ ሁሉም የመጣው ለዚያው ነው! ጋሪውን ከበን አንገታችንን አሰገግን። ጢም ፈለግሁ። ጢም የለም፣ ዓይን የለም፣ ግንባር የለም። ቀይ የነበረው ከነጩ፣ የሐር ይሁን የጆንያ አይለይም። ሁሉም አንድ ላይ ተጠምዞ፣ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተጨምቆ፣ አመድማ ሆኖ ተጋድሟል። የወለደው ቢመጣ አያውቀውም።

እልል አልኩ! አልቻልኩማ። እትዬ ዘይነባ ከእኔ በላይ አቀለጠችው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። መሐንዲሱ ለመኪናው መስሎት ዓይኑ እንባ ሞላ። ወንዶቹም አጨበጨቡ፤ ያላጨበጨበ ጓድ ሽፈራው ብቻ ነበር። እሱ ጋሪው ላይ ተደፍቶ ቀረ። መሐንዲሱ መጥቶ፣ "ጓድ፣ ይወድቃሉ!" ብሎ በኮቱ ጎተተው።

ቤት ስገባ ተካ ቆሞ ጠበቀኝ።

"እህስ?"

"ጎመን ሆኗል።"

"ጢሙስ?"

"ጎመን አልኩህ እኮ!"

ያን ቀን የእኔንም ድርሻ ጨምሮ በላ።

ብዙም ሳይቆይ ጓድ ሽፈራው ስፌት ቤቱ ብቅ አለ። ለበዓሉ ክንዱ ላይ የሚያስረው ቀይ ጨርቅ እንዲሰፋለት ነው። ሊቀመንበር ሁሉ አንድ አንድ እንደተሰጠው እናውቃለን።

ተካ መርፌ ቁልፉን በጥርሱ ይዞ፣ "የተሰጠዎትስ፣ ጓድ?" አለው።

"እሱማ... አንድ ምሽት ውቤ በረሃ መጠጥ ፈሰሰበትና..." ጣራውን አየ። "ታጥቦ ጠበበብኝ።"

እኔ ደግሞ አፌ! "ተጨምቆም ነበር እንዴ?"

ተካ መርፌ ቁልፉን ሊውጠው ምንም አልቀረው። ጓድ ሽፈራው ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳይነቅል ቆየ፤ በዚያ ዓይን ምክንያት ስንቱ እንደታሰረ ታውቃላችሁ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቢራ ያቀርብ በነበረ ጊዜ እንደሚስቀው አድርጎ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

"እትዬ ብርቄ፣ ይሄ አፍዎ አንድ ቀን..." አለና አልጨረሰውም። ክንዱን ለተካ ዘረጋ። ተካም ለካው።

በዚያ ዘመን ብዙ ነገር ታጥቧል፣ ብዙ ሰውም ተጨምቋል፤ ሁሉም የማን ነህ፣ ከማን ጋር ነህ እየተባለ ነበር። የማን ነው ብሎ ሳይጠይቅ ያጠበን፣ የጨመቀንና የጣለን ያ መኪና ብቻ ነው። ለምን እንደሚያጥብ ግን ዛሬም አልገባኝም።