መብቴን ተሸክመው የወጡ ሰዎች

ሰውን ከመብቱ የሚያፈናቅለው ክፉ ሰው ነው ያላችሁ ማን ነው? ክፉ ሰውማ ምን ይጎዳል! ለክፉ ሰው ሕግ አለው፣ ዳኛ አለው፤ ሌላው ቢቀር እርግማን አለው። እስከ ዛሬ መድኃኒት ያልተገኘለት አዛኙ ነው። አዛኝ ሰው ሊደፋችሁ ሲመጣ እንባው ከፊት ከፊቱ እየቀደመ ነው፤ "ተው" ብትሉት ባለጌዎቹ እናንተ ትሆናላችሁ። የጥንት ሰዎች "አዛኝ ቅቤ አንጓች" ይሉ ነበር። የእኔዎቹ አዛኞች ግን በቅቤው ፈንታ እኔኑ ናጡኝ!

የቀኝ እግሬን በልጅነቴ ልምሻ መትቶታል። እግሩ አለ፤ ግን እንደ አንዳንድ ባለሥልጣን ቦታውን ይዞ ምንም አይሠራም። በሁለት ክራንች እሄዳለሁ። የምበላው በምላሴ ነው፤ እዚሁ ኢየሩሳሌም አንድ ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። አንዲት እናት "ሆዴ ባብቶ ነው" ሲሉ ሐኪሙ የአንጀት ምርመራ እንዳያዝላቸው መሐል የምገባው እኔ ነኝ። ለዓመታት በጊዜያዊነት ከሠራሁ በኋላ አለቃዬ ጠርቶ፣ "የአስተርጓሚነት ኮርሱን ጨርሰህ የምስክር ወረቀት ካመጣህ ቅቪዑት ታገኛለህ" አለኝ። ቅቪዑት ቋሚ ሠራተኛነት ነው፤ አንዴ ከያዛችሁት መሲሑ ካልመጣ በቀር ማንም አይነቅላችሁም።

"ካላመጣሁስ?"

"ያመጣውን እንቀጥራለና!"

ስለዚህ ተመዘገብኩ። ኮርሱ የሚሰጠው ከነቢያት ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ስትታጠፉ ከምታገኟቸው አሮጌ የድንጋይ ቤቶች በአንዱ ነው። ግንቡ ሲያዩት ያምራል፤ ቱሪስት ሁሉ ፎቶ ያነሳዋል። ክፍሉ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰር የለም። የደረጃው ድንጋይ ከመረገጥ ብዛት እንደ ሳሙና አልቋል፤ እጅ የሚይዘው ነገርም የለው። ከበሩ እንደገባችሁ በስተግራ ደግሞ ሰፊ፣ ፀሐይ የሚገባው፣ ሠላሳ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍል አለ። ማን አለበት? ማንቆርቆሪያ!

ወደ ዳይሬክተሯ ገባሁ።

"ትምህርቱ ታች ይሁንልኝ።"

"ታች ያለው የመምህራን ሻይ ክፍል ነው።"

"ሻይ ወደ ላይ መውጣት ይችላል። እኔ አልችልም።"

ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። እግሬ ላይ ትንሽ ቆየች። "ለምን ስፌት አትማርም? የስፌቱ ኮርስ ታች ነው። ደግሞ እጆችህ ጠንካራ ይመስላሉ።"

"ያንቺም ዓይኖች ጤነኛ ይመስላሉ፤ ሕጉን አንብቢው።"

በዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር አለመኖሩን የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ሕጉ ምን ይላል? ለእናንተም ልንገራችሁ፤ መቼም ይህን ጋዜጣ የሰንበት ምግብ ልትጠቀልሉበት እንጂ ልታነቡት አልገዛችሁትም። አካል ጉዳተኛን በጉዳቱ ምክንያት ከሥራም ከትምህርትም መመለስ ክልክል ነው። አሠሪውም ተቋሙም፣ ጫናው ከአቅሙ በላይ ካልሆነ በቀር፣ ማመቻቸት አለበት። ጠረጴዛ ዝቅ ማድረግ፣ የፈተና ሰዓት ማርዘም፣ ክፍል ማውረድ። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ግዴታ ነው። ስትጠይቁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። "አንተ እኮ አካል ጉዳተኛ አትመስልም" ቢሏችሁ መልስ አይደለም፤ ስድብ ነው፤ ፈገግ ማለት አይጠበቅባችሁም።

በጽሑፍ ጠየቅኩ። ዳይሬክተሯም፣ "በመክፈቻው ቀን ከመንግሥት ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ መውጣት አለመቻልህን በዓይኑ ይይና ይወስን" አለችኝ። እግሬ ምስክር ተጠራ ማለት ነው! ቢሆንም ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን ነገር ባለመቻሌ የማሸንፍበት ቀን መጣ። ማድረግ ያለብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደረጃው ሥር ቆሞ አለመውጣት። ይህንን ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚችል የለም።

ምን ዋጋ አለው... ቅዳሜ ለአጎቴ ነገርኳቸው።

አጎቴ አባ ፈረደ፣ ጊሎ በሚባለው ሰፈራችን ከእኛ ሕንጻ ማዶ ነው የሚኖሩት። ከጎንደር ሲመጡ ሁሉን ነገር ትተው የመጡ ሰው ናቸው፤ ሽምግልናቸውን ግን አልተዉም። ነገሬን ሰምተው ሲያበቁ ፊታቸው ጠቆረ።

"ከመንግሥት ጋር ክርክር ገጠምክ?"

"ክርክር አይደለም፣ አባ። መብት ነው።"

"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!"

"እዚህ አገር ንጉሡ በየሳምንቱ ይከሰሳል፣ አባ። ሰማዩንም አውሮፕላን ሲያርሰው ነው የሚውለው።"

"አንተ ማንበብ አበዛህ" አሉና ተነሱ። እኔም አለቀ ብዬ ተኛሁ።

እሑድ፣ በመክፈቻው ቀን፣ ከሰዓት ከአውቶቡስ ወርጄ ዳገቱን በክራንች ጨርሼ ስደርስ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አባ ፈረደ ቆመዋል። ከጎናቸው የሚስቴ ወንድም አድማሱ አለ፤ ትከሻው የቤት በር የሚያክል ሰው ነው። ከእሱ ቀጥሎ ቄስ ይርጋ አሉ፤ እዚያው ኢትዮጵያ መንገድ ካለው ገዳም የሚያገለግሉ፣ የአጎቴ የጎንደር ጎረቤት። በመካከላቸው መሬት ላይ፣ ለዳስ በዓል ሱካ በምንሠራባቸው ሁለት አጣናዎች ላይ ግራና ቀኝ የታሰረ፣ የሚስቴ የኩሽና ወንበር!

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቃሬዛ ነዋ! ተቀመጥ።"

"አልታመምኩም!"

"ማን ታመምክ አለህ? ቶሎ በል፣ ሰው ያያል።"

"ሰው እንዲያይማ ነው የመጣሁት! ተቆጣጣሪው እንደማልወጣ እንዲያይ!"

"አትወጣም?" አጎቴ ከልባቸው ተቆጡ። "እኛ ሞተናል እንዴ?"

ይህንን ጥያቄ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። "እኛ ሞተናል እንዴ?" ከተባለ በኋላ መልስ የለም። በአገራችን ደንብ የታመመ ሰው ካለ መንደሩ ተጠራርቶ ቃሬዛ ይሸከማል፤ ያልተሸከመ ነገ የሚሸከመው አያገኝም። ደንቡ ግሩም ነው። ሆስፒታሉ የሁለት ቀን መንገድ ሲሆን! እኔን ግን ከክፍሌ የለየኝ አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነበር።

አድማሱ ከብብቴ አንስቶ ወንበሩ ላይ ሰካኝ። አራተኛ ተሸካሚ ሲጠፋ፣ ከጎረቤት ሰፈር የሚመጣ ጥቁር ኮት የለበሰ አንድ አጥባቂ አይሁዳዊ መንገደኛ ሚጽቫ ሸተተው፤ በጎ ሥራ የሚያሳልፍ ሰው አይደለምና ባርኔጣውን አስተካክሎ አጣናውን ያዘ። ቄስ ይርጋ "በስመ አብ" ብለው ሊጀምሩ ሲሉ፣ አጎቴ በአይሁድ ጸሎት "ሽማ እስራኤል" ብለው ቀደሟቸው። በሃይማኖት የማይገናኙ ሰዎች እኔን በመሸከም አንድ ሆኑ። ዓለም የሚመኘው ሰላም በእኔ ጀርባ ወረደ!

"አድማሱ፣ ግራውን ከፍ!"

"ቄስ፣ ወደ እርስዎ ጋደለ!"

"ኧረ ታቦት እንኳ እንዲህ አይከብድ!"

"አውርዱኝ!" እላለሁ እኔ፤ ማን ይስማኝ። ዳይሬክተሯና ተቆጣጣሪው ደረጃው ሥር ቆመው ቀና ብለው ያያሉ። ተቆጣጣሪው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

"ኮል ሃካቮድ!" አለ፤ ክብር ሁሉ ይገባችኋል ማለቱ ነው። "ምን ዓይነት ማኅበረሰብ ነው! እንግዲህ ችግሩ ተፈታ።"

"አልተፈታም!" ብዬ ከአየር ላይ ጮኽኩ። "ሕጉ የሚለው ተቋሙ ያመቻች ነው፤ አጎቴ ያመቻቹ አይልም!"

"ለምን ሚጽቫቸውን ትነፍጋቸዋለህ?" አለኝ።

አያችሁ? ወንበር ላይ ተሰቅዬ እየተናጥኩ፣ ነፋጊው እኔ ሆንኩ። ዳይሬክተሯም የአይሁድ አዲስ ዓመት ማር እንደቀመሰች ሁሉ ፊቷ በርቶ፣ ተቆጣጣሪውን ወደዚያ ሰፊ ክፍል ሻይ ልታጠጣው ወሰደችው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተማርኩ። ምን ተማርክ አትበሉኝ። ጆሮዬ መምህሩ ጋ፣ ልቤ ቅቪዑቱ ጋ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ በዘመድ ትከሻ መመላለስ እንደማይሆን አውቀዋለሁ። የአንዱ ወገብ ሲሰበር፣ ያንዱ ልጅ ሲዳር፣ እኔ ከኮርሱ ቀረሁ ማለት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ "ሁሉ ተመቻችቶለት ሰነፈ" ይባላል።

ትምህርቱ አልቆ ተማሪው ሁሉ ወረደ። እኔና መምህሩ ቀረን። ወንበሩ ከነአጣናው ኮሪደሩ ላይ አለ። ተሸካሚ የለም። ከመምህሩ ስልክ ተውሼ አጎቴ ቤት ደወልኩ።

"አባ ፈረደ! የት ናችሁ?"

"ቤት ገባን። ቄስ ይርጋም ለጸሎት ሄዱ። ምነው?"

"እኔስ? ማን ያውርደኝ?"

"ለመውረድማ ምን አለበት፣ ልጄ? ቁልቁለት አይደል!"

ዘበኛው ቁልፉን እያንቀጫቀጨ መጣ። ዳይሬክተሯም ተከትላ መጣች፤ ተቆጣጣሪው ሻዩን ጨርሶ ከኋላዋ አለ።

"ቀስ እያልክ ብትወርድስ?" አለችኝ።

በመቀመጫዬ እየተንሸራተትኩ መውረድ እችል ነበር። አልፈለግኩም። "ችግሩ ተፈታ ብላችኋል" አልኳት፤ "አሁን ትምህርት ቤቱ ያመቻች። እናንተ እስክትዘጋጁ እዚህ እጠብቃለሁ፤ የቤት ሥራም አለኝ።" ደብተሬን ገለጥኩ።

ተያዩ። እኔ እያለሁ መቆለፍ አይቻልም፤ ሳይቆልፍም ዘበኛው አይሄድም። በመጨረሻ ዘበኛው አንዱን ጫፍ ያዘ፣ መምህሩ ሁለተኛውን፣ ተቆጣጣሪው ሦስተኛውን። ዳይሬክተሯ ጫማዋን አውልቃ አራተኛውን ያዘች።

"ሁልጊዜ እንዲህ ትከብዳለህ?" አለ ተቆጣጣሪው የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እያለከለከ።

"ስወጣም ይሄው ነበርኩ። ያኔ ያለቀሰው ዓይንህ ነው፤ አሁን ወገብህ ነው።"

ሁለተኛው ፎቅ ላይ አስቀመጡኝ። ዳይሬክተሯ ግድግዳውን ተደግፋ ወገቧን ያዘች። ሕግ ከራስ ካልገባ በወገብ በኩል ይገባል፤ ስታነብበው አየኋት፤ አንቀጽ በአንቀጽ።

"ከሚቀጥለው ትምህርት ጀምሮ" አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ "ክፍሉ ታች ይሆናል።"

"በጽሑፍ" አልኳት።

"በጽሑፍ!" አለ ተቆጣጣሪው፣ ከእሷ ቀድሞ።

በማግስቱ ወረቀቱ ተፈርሞ እጄ ገባ፤ ማንቆርቆሪያውም ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ማታ አጎቴ ደወሉልኝ። ወሬ ከእኔ ቀድሞ ጊሎ ገብቷል።

"ክፍሉ ወረደ አሉ።"

"ወረደ፣ አባ።"

"እሰይ!" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ቀዘቀዘ። "እንግዲህ እኛስ ምን እንሥራ? ቄስ ይርጋን ለእሑድ ቀጥሬያቸው ነበር። አድማሱም አዲስ ገመድ ገዝቷል።"

እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉት። "ምንም አትሸከሙ" አልኳቸው። "ከፌርማታው እስከ ክፍሉ በር ከጎኔ ሂዱ። እያወራን እንሄዳለን።"

"አንተ በክራንችህ?"

"አዎ።"

"ያን ሁሉ ዳገት?"

"ያን ሁሉ ዳገት። ሲደክመኝ እየቆምን።"

የእኔን እርምጃ በልባቸው ሲለኩት ይሰማኝ ነበር።

"ኧረ ልጄ" አሉ በመጨረሻ፣ "መሸከሙ ይቀላል!"