ፍየሏ የገባችበት ጥግ

ሰው በነፃ የሰጡትን ነገር እንደማያምን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አሶሳ ውስጥ በማንጎ ወራት ለእንግዳ ማንጎ በነፃ ስጡት። "ምን ሆኖ ነው?" ብሎ ያገላብጠዋል።

ይህን ያወቅሁት በማንጎ ሳይሆን በኮምፒውተር ነው። ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ እኔም የአንድ ቢሮ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ማህተሙ አዲስ፣ ኃላፊው አዲስ። መደርደሪያ ግን ስላልነበረን ፋይሉን በማንጎ ሳጥን ነበር የምናስቀምጠው። ቁጥሩን እንዳትጠይቁኝ። እኔ ፋይል የማስታውሰው በቦታው ነው፦ "በመስኮቱ በኩል"፣ "ከበሩ ጀርባ"፣ "ፍየሏ የገባችበት ጥግ"። አንድ ቀን በሩን ሳልዘጋ ምሳ ብወጣ የጎረቤት ፍየል ገብታ ሦስት የዝውውር ማመልከቻ በልታ ጠበቀችኝ። አንደኛው የራሴ ነበር። እስከ ዛሬ አሶሳ የቀረሁት በእሷ ነው፤ አልቆጨኝም።

ታዲያ እኔ ፈቃድ የወጣሁ ዕለት ፋይል አይገኝም። ይህን ያየ ቶሌራ የሚባል የሂሳብ መምህር፣ የወለጋ ልጅ፣ ክፍለ ጊዜ በሌለው ቁጥር እየመጣ፣ ቢሮው ጥልፍ ልብስ አልብሶ ያስቀመጣትን ብቸኛ ኮምፒውተር ገልጦ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ሠራልን። በነፃ! ጥጎቼን አንድ በአንድ እየጠየቀ አስገባቸው። ፍየሏን እንኳ ተዋት ስለው "ፋይሉ ያለው እዚያ አይደለም እንዴ?" አለኝ።

ፕሮግራሙ ሲከፈት እንዲህ የሚል ጽሑፍ ይመጣል፦ "ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ። ያሻሻለውም ያሻሻለውን ለሁሉም ይስጥ፤ የቀደመውን ሰው ስም አያጥፋ።" ይሄ ደግሞ ምንድን ነው አልኩት። "ዳዶ ነው" አለኝ። "እኛ ጋ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን እናርሳለን። ማረሻውን ደብቆ የሚሄድ የለም።"

በጣም የቋመጠችለት ሐዋ ናት፤ የሆሞሻ ወረዳ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። እዚያ ሽማግሌው ግማሽ ቀን በእግሩ መጥቶ ፋይልህ የለም ተብሎ ይመለሳል፤ የሚረገመው ወረዳው ሳይሆን እሷ ናት። "ወንድሜ፣ ለእኛም ስጥ" አለችኝ። "ሽማግሌ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ እኔ አፈርኩ።" ኮምፒውተር ሲመጣላችሁ በእጄ እሰጥሻለሁ ብዬ ማልኩላት።

በዚህ መሃል ቢሮው በነፃ የተሠራውን ስላላመነ ፕሮግራም የሚሠራ ኮንትራክተር ከአዲስ አበባ አስመጣ። ስሙን እንተወው፤ ክራቫቱ እንበለው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። አቧራውን ፈርቶ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆመና እስቲ ያላችሁን ልየው አለኝ። ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ አይደል የሚለው? በፍሎፒ ገልብጬ፣ ፈገግታ ጨምሬ ሰጠሁት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ "አዲሱን" ፕሮግራም ይዞ ከች። የቶሌራ ስም የለም። የሚስጥር ቁጥር ካላስገቡለት አይከፈትም። ወረዳዎች የየራሳቸውን ውል ካልፈረሙ መቅዳት ክልክል ነው፤ የድሮውም ከእኔ ፕሮግራም ጋር አንድ ስለሆነ መቅዳቱ ያስከስሳል አለ። ኃላፊው ደንግጠው እስኪጣራ ለማንም እንዳይሰጥ ብለው ጻፉ። የሐዋ ኮምፒውተር ደግሞ የደረሰው በዚያው ሳምንት! ተናደድኩ። ይበልጥ የተናደድኩት በራሴ ነው።

ስብሰባ ተጠራ። ሐዋም ከሆሞሻ መጣች። ክራቫቱ ከባዶ ተነስቼ የሠራሁት ነው ብሎ ማለ። ቶሌራ አንገቱን ደፋ። ያኔ ሐዋ እስቲ አዲሱን ከፍታችሁ አሳዩን አለች። ተከፈተ። የፋይል ቦታዎች ተደርድረው ወጡ፦ በመስኮቱ በኩል፣ ከበሩ ጀርባ፣ ፍየሏ የገባችበት ጥግ።

"ይሄ ፍየል የማን ነው?" አለች ሐዋ።

ክራቫቱ ጉሮሮውን ጠረገና ዓለም አቀፍ የመረጃ አያያዝ ስያሜ ነው አለ። ፍየል ወዲያ፣ ቅዝምዝም ወዲህ! ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጽሑፉን ደግመው አነበቡት።

"የእኔ ናት" አሉ ቀስ ብለው።

ለካ የጎረቤት ፍየል ያልኳችሁ የእሳቸው ኖራለች! ሳቁ እስከ ገበያው የተሰማ ይመስለኛል። ክራቫቱን ሊያባርሩት ሲሉ ግን ቶሌራ ተነሳ። ይሄ ሰው ቀኑን በእኛ አቆጣጠር እንዲጽፍ አድርጎታል፣ እኔ ያቃተኝን ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩን ያንሳ፣ ይቺን ነገር ለሁላችንም ይስጥ፣ ስሙም ከስሜ ሥር ይጻፍ አለ። እንዲሁ ሆነ። ሐዋ ፍሎፒዋን በሻርፗ ጠቅልላ በዚያው ዕለት ሆሞሻ ገባች።

ከዓመት በኋላ ለሥራ ሆሞሻ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ገብተው ስማቸውን ተናገሩ። ሐዋ ኮምፒውተሩ ላይ ስማቸውን ጻፈች፣ ተነሳች፣ ፋይሉን አምጥታ ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ገና ወንበር እንኳ አልያዙም! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ፋይሉ ወደ ወጣበት ጥግ ዞር ብል ግድግዳው ላይ በትልቁ፣ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ ተለጥፏል፦ "ፍየሏ የገባችበት ጥግ"።

እዚህም ፍየል ገባ እንዴ አልኳት።

"አልገባም" አለች። "ግን ፕሮግራሙ ላይ አለ።"

ታዲያ ለምን ስሙን አትለውጡትም?

"ወንድሜ፣ የለወጠ ለሁሉም ይስጥ ይላል። ሁሉም ወረዳ ጋ ለመሄድ መኪና የለንም። ፍየሉ ይቀመጥ።"