ሳይቀመስ የቀረበ የሙዝ ኬክ

አንባቢዬ፣ ራሱ ሳይቀምስ ሰው የሚያበላ ሰው አያስጠረጥርዎትም? እኔንስ እንቅልፍ ይነሳኛል።

የጎሬዋ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ አንድ ማለዳ ቁርስ ጠሩኝ። ስንዴ የሌለበት፣ ከጤፍ ዱቄት፣ ከሙዝና ከእንቁላል በትንንሽ ጣሳ የጋገሩትን ኬክ አቀረቡልኝ። እንደ ወጉ ግን ቀድመው አልቀመሱልኝም። ምን ቢጨምሩበት ነው? አንዱን እየፈራሁ ዋጥኩና «እርስዎስ?» አልኳቸው።

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው፤ ጾመኛ ነኝ። እርስዎ ግን ስንዴ ለጨጓራዬ አይስማማም ስላሉኝ፣ ኬኩም እንቁላል ስላለበት፣ አስቀድሜ ለንስሐ አባትዎ ነገርኩልዎ። ‹በሽተኛ ከሆነማ ፈትቼዋለሁ፣ ይብላ› አሉኝ።»

ረቡዕ መሆኑን ረስቼ! የእትዬን ድንጋይ የመሰለ ዳቦ ለመሸሽ የፈጠርኩት ሕመም ንስሐ አባቴ ዘንድ ደርሷል! እትዬ ደግሞ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

የሆዴን በሆዴ ይዤ ሁለተኛውን አነሳሁ።